ሽንቱ ሲጠቁር፦ ለአልካፕቶኑሪያ የ24 ሰዓት ሽንት አሰባሰብ

እህቴ ሕፃን እያለች እናታችን የሽንት ጨርቋን በሳሙና ባጠበችው ቁጥር ይብስ ይጠቁር ነበር። «ሳሙናው ነው» ተብሎ ታለፈ። ሠላሳ ዓመት አልፏት ወገቧ ሲያስጎነብሳት ደግሞ «ዲስክ ነው» ተባለ። ጨርቁ ግን ያኔውኑ ነግሮን ነበር።

በሽታው አልካፕቶኑሪያ ነው። ከእናትም ከአባትም የተበላሸ ጂን የወረሰ ሰው፣ ሆሞጀንቲሲክ አሲድ የሚባለውን ነገር ሰውነቱ መሰባበር ያቅተዋል። አብዛኛው በሽንት ይወጣል። የቀረው ግን መገጣጠሚያና አከርካሪ ላይ ባለው ልም አጥንት ውስጥ ተጠራቅሞ ያጠቁረዋል፣ ያደርቀዋል፣ ከጊዜ በኋላም ይሰባብረዋል።

መጀመሪያ ቤት ውስጥ እዩት። ሽንቱን በንጹሕ ብርጭቆ አድርጋችሁ ለሰዓታት አስቀምጡት። አየር የሚነካው የላይኛው ክፍል ቀድሞ ይጠቁራል። ግን በዚህ ብቻ አትወስኑ፤ ሜትሮኒዳዞል የሚባለው የኢንፌክሽን መድኃኒትም ሽንት ያጠቁራል፣ የበሽታው ሽንት ደግሞ አሲዳማ ከሆነ ቶሎ ላይጠቁር ይችላል። ሽንት ውስጥ የሚነከረው ተራው የመመርመሪያ ወረቀት (ስትሪፕ) ደግሞ ሆሞጀንቲሲክ አሲድን አያሳይም።

ስለዚህ መለካት አለበት። ምርመራው እንደ ስኳር ምርመራ በየቦታው ስለማይሠራ፣ መጀመሪያ ሐኪማችሁን ናሙናው የት እንደሚላክና በምን ዕቃ እንደሚፈለግ ጠይቁ። ናሙናው እንዳይበላሽ አሲድ የተጨመረበት ጀሪካን ከተሰጣችሁ ያንን አሲድ እንዳትደፉት። ቀጥታ አይሸናበትም፤ በሌላ ዕቃ ሸንታችሁ ቀስ ብላችሁ ገልብጡ።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የመጀመሪያውን ሽንት ሽንት ቤት ሸኑት፣ እሱ አይቆጠርም። ከዚያ በኋላ ቀንም ሌሊትም የሚመጣውን ሁሉ፣ የማግስቱን ጠዋት 12 ሰዓት ጨምሮ፣ አጠራቅሙ። ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ። ብርሃን እንዳይነካው በጥቁር ፌስታል ጠቅልሉት። መብራት ሲሄድ ፍሪጁን ከፈት ዘጋ አታድርጉ። ቫይታሚን ሲ የምትወስዱ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሩ፣ መጥቆሩን ያዘገየዋል።

ክሬአቲኒንም (ከጡንቻ የሚመጣ፣ በሽንት የሚወጣ ቆሻሻ) አብሮ ይለካ፤ ሽንቱ ሙሉ በሙሉ መሰብሰቡን የሚያሳየው እሱ ነው። ጤነኛ ሰው ሽንት ውስጥ ሆሞጀንቲሲክ አሲድ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በሽተኛው ግን በቀን ከ1 እስከ 8 ግራም ያወጣል። ልዩነቱ ይህን ያህል ሰፊ ስለሆነ ውጤቱ ብዙ አያከራክርም።

መድኃኒትም አለ፣ ኒቲሲኖን ይባላል። አውሮፓ ውስጥ ለዚህ በሽታ ለአዋቂዎች የተፈቀደው በ2020 እ.ኤ.አ. ነው። አሲዱን በጣም ይቀንሰዋል፤ ነገር ግን ደም ውስጥ ታይሮሲንን (ከፕሮቲን የሚገኝ አሚኖ አሲድ) ስለሚጨምር ዓይንን ሊጎዳ ይችላል፣ የምግብ ቁጥጥርና የሐኪም ክትትል ይፈልጋል። የጀመረ ሰው ሽንቱ በየጊዜው ይለካ፣ መድኃኒቱ መሥራቱ የሚታወቀው በዚያ ነው።

እህቴ በመጀመሪያው ቀን መርካቶ ውላ አንዴ ሳትይዘው ሸናች። «አንድ ብርጭቆ ምን ያመጣል?» አለችኝ። ያጠራቀምነውን ደፋን፣ ዕቃውን ለወጥን፣ በማግስቱ 12 ሰዓት ላይ እንደገና ጀመርን።