የሰፈር አደጋ ደራሽ ቡድን እንዴት ይሰለጥናል?

ሰፈር ውስጥ ኡኡታ ሲሰማ ማንም ቁጭ ብሎ አያይም። በባዶ እግሩ የሚሮጠው ብዙ ነው። ችግሩም እዚያ ላይ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ መሬት ተንሸራቶ ሰው ተቀበረ። ሌላው ሰው ደርሶ ሲቆፍር መሬቱ ዳግመኛ ተናደ። ከሞቱት ከ200 በላይ ሰዎች ብዙዎቹ ለማዳን የመጡ ነበሩ።

ስለዚህ ለበጎ ፈቃደኞች መጀመሪያ የሚሰጠው ትምህርት መቆም ነው። ደርሰህ ቁም፣ ዙሪያውን እይ፣ ሽቦ ወድቋል ወይ፣ ጋዝ ይሸታል ወይ፣ ግድግዳው አዘንብሏል ወይ ብለህ ጠይቅ። ከዚያ በኋላ ግባ፤ ወይም አትግባ።

አባላቱን ለመምረጥ አዲስ ኮሚቴ አታቋቁሙ። እድሩ አለላችሁ። የአባላት መዝገብ አለው፣ ድንኳን አለው፣ ጡሩምባ ነፊ አለው። ከ10 እስከ 15 ሰው ይበቃል። ወጣት ወንዶችን ብቻ ከሰበሰባችሁ ግን ተሸውዳችኋል፤ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ሁሉም ሥራ ናቸው። ባለሱቁን፣ እንጀራ የምትሸጠዋን፣ ጥበቃውን አስገቡ። ሰፈር ውስጥ የሚውሉት እነሱ ናቸው።

ቀጥሎ አብራችሁ ሰፈሩን በእግር ዙሩ። ክረምት ሳይገባ፣ ግንቦት ላይ ቢሆን ጥሩ ነው። የእሳት አደጋ መኪና የማያስገባው ቅያስ የትኛው ነው? በቆሻሻ የተደፈነው ቦይስ? አልጋ ላይ የዋሉ አዛውንት፣ ማየት የተሳናቸው ሰዎች የሚኖሩት የት ነው? ሁሉንም በወረቀት ላይ ሳሉት።

የመጀመሪያ እርዳታውን ከባለሙያ ተማሩ። በአቅራቢያችሁ ያለውን የቀይ መስቀል ቅርንጫፍ ጠይቁ። ደረት ተጭኖ ልብን ማስነሳት በማንበብ አይለመድም፤ እጅ መልመድ አለበት። እነዚህን ግን ከዛሬ ጀምሮ ያዙ፦

ደም ሲፈስ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን፤ ቆመ ወይ እያሉ ገለጥ ገለጥ ማድረግ የለም። ቁስል ላይ ቡና መነስነስም ይቅር። ቃጠሎ ላይ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ማፍሰስ፤ ቅቤም የጥርስ ሳሙናም አይቀባም። ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው ከመንካት በፊት ኃይሉን ማጥፋት። ጎርፍ ደግሞ ያታልላል፤ በኃይል የሚወርድ 15 ሳንቲ ሜትር ውኃ እንኳ አዋቂ ሰው ሊጥል ይችላል።

ሥራ ስታከፋፍሉ ስልክ የሚደውለው ሰው ማን እንደሆነ በስም ይታወቅ። ያለበለዚያ ሁሉም "ሌላው ደውሏል" ብሎ ይቆማል። አዲስ አበባ ከሆናችሁ እሳት አደጋ 939 ነው፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907። ሌላ አንድ ሰው ዋናው አስፋልት ድረስ ወጥቶ መኪናውን ይቀበል። አድራሻችን "ከመስጊዱ ወረድ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ" አይደል!

አሁን ልምምድ። አንዱን ቀን አድርጉት፣ ሌላውን ግን መብራት አጥፍታችሁ በጨለማ። የድሬዳዋው የ1998 ዓ.ም. ጎርፍ ሰዉን የደረሰበት በእንቅልፉ ነበር። ለማንቂያ ጡሩምባውን ተጠቀሙ፤ አነፋፉ ግን ከለቅሶው ይለይ። አለዚያ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ "ማን ሞተ?" እያለ ይወጣል። ልምምዱ ሲያልቅ ክብ ሠርታችሁ ተቀመጡና የት እንደተሳሳታችሁ ተነጋገሩ። ሻይ ቢኖር ይመረጣል።

የመጨረሻው ዕቃ ነው፤ ጓንት፣ ባትሪ፣ ገመድ፣ ፊሽካ፣ ፋሻ፣ አካፋ። አንድ ሳጥን ይይዛቸዋል። የሳጥኑ ቁልፍ ግን ሁለት ይሁን፣ በሁለት ቤት ይቀመጥ። አንዱ ብቻ ከሆነ አደጋው የሚመጣው የእድሩ ሊቀ መንበር አገር ቤት በሄዱበት ቀን ነው።