ተመላላሽ ባቡር ለወሎ፦ ዕቅዱ ከየት ይጀመራል?

የኮምቦልቻ ባቡር ነገር በተነሳ ቁጥር ወሬው ስለ ጭነት ነው። ወደብ፣ ኮንቴይነር፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ። ልክ ነው፣ መስመሩ በዋናነት የታሰበው ለዚያ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን በየቀኑ የሚመላለሰው ሰው ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ ለሥራ የሚወርደው፣ ከሐይቅ ከተማ ደሴ ለገበያ የምትወጣው፣ ከከሚሴ ለሕክምና የሚመጣው። ይህ ሰው ጠዋት መናኸሪያ ላይ ሲጋፋ፣ ማታ ደግሞ መኪና አጥቶ ሲንከራተት እያየሁ ነው የምኖረው።

ሙያዬ የትራንስፖርት ዕቅድ ነው። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ። ሁለቱን የሚያገናኘውን የሐረጎን ዳገት በሥራም በኑሮም አውቀዋለሁ። ይህን የምጽፈው በየከተማ አስተዳደሩና በየዞኑ መምሪያ ለተቀመጣችሁ ወጣት ባለሙያዎች ነው። ጉዳዩ ያገባኛል የሚል ነዋሪም ቢያነበው ደስ ይለኛል፤ አብዛኛው ሒሳብ ከአራቱ መደብ አያልፍም።

መጀመሪያ በእጃችን ያለውን

ከአዋሽ ተነስቶ በከሚሴና በኮምቦልቻ አልፎ ወልዲያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርሰው መስመር ወደ 390 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ግንባታውን የቱርኩ ያፒ መርኬዚ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2015 ጀመረው። እስከ ኮምቦልቻ ያለው ክፍል 270 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ እስከ ሐራ ገበያ ወደ 120 ይሆናል። ሀዲዱ ነጠላ ነው። በኤሌክትሪክ እንዲሠራ ነው የተነደፈው። ጦርነቱ መጥቶ ንብረቱን ዘረፈው፣ አወደመው። መደበኛ የመንገደኛ አገልግሎትም አልጀመረም።

ስለዚህ ዕቅዳችን ከባዶ መሬት አይነሳም። ትልቁ ወጪ፣ ማለትም ዋሻው፣ ድልድዩና የአፈር ቆረጣው፣ በአብዛኛው ወጥቷል። የቀረን ጥያቄ ይህ መስመር ሲጠገንና መብራት ሲያገኝ ከጭነቱ ጎን ሰውን እንዴት ያመላልሳል የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ባቡሩ ከመጣ በኋላ መጠየቅ ዋጋ የለውም። አሁን ነው የሚጠየቀው።

ሰው ቁጠሩ፣ ግን በደንብ ቁጠሩ

የከተማን የሕዝብ ብዛት ወስዶ በመቶኛ ማባዛት ቆጠራ አይባልም። መናኸሪያ ሂዱ። ተራ አስከባሪዎቹን ተዋወቁ፤ በየትኛው ሰዓት ስንት መኪና እንደሚወጣ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ከጠዋቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት፣ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ማታ 1 ሰዓት ተኩል ቁሙ። መናኸሪያ ሳይገባ መንገድ ላይ የሚሳፈረውንም አትርሱ፤ ብዙ ሰው የሚያመልጠን እዚያ ነው።

በአንድ ቀን ብቻ ቆጥራችሁ አትመለሱ። የወሎ ሳምንት አንድ ዓይነት አይደለም። ሰኞ የባቲ ገበያ ነው፤ ሰኞ ዕለት በኮምቦልቻ በኩል የሚያልፈው ሰውና ዕቃ ከማክሰኞው ጋር አይገናኝም። ዓርብ ከጁምዓ በፊትና በኋላ ያለው እንቅስቃሴ ሌላ ነው። በረመዳን የማታው ግፊያ ከአፍጥር በፊት ወዳለው ሰዓት ይሰበሰባል። ዩኒቨርሲቲው ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ጥምቀት ሲደርስ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሽፍት ሲቀይር፣ ሁሉም የየራሱ መልክ አለው። ቢያንስ አንድ የገበያ ቀን፣ አንድ ተራ የሥራ ቀንና አንድ ዓርብ ለየብቻ ያዙ።

ከቁጥሩ ጎን ጥያቄ ጠይቁ። አንድ ጊዜ ሐይቅ ላይ መጠይቅ ይዤ ሁለት ዘንቢል ቲማቲምና ሽንኩርት የያዙ እናት ጋ ደረስኩ። «እትዬ፣ ባቡር ቢመጣ ይሳፈሩበታል?» አልኳቸው። መልሰው ጠየቁኝ። «ልጄ፣ የት ላይ ያወርደኛል?» ከገበያው ትንሽ ራቅ ይላል ብዬ ስነግራቸው ዘንቢላቸውን በእግራቸው ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉና፣ «እንግዲያማ ይህን ይዤ ባጃጅ ልይዝ ነው። የባጃጁ ሒሳብ ትርፌን በላው ማለት ነው» አሉኝ። በመጠይቁ ላይ «ይጠቀማሉ/አይጠቀሙም» የሚል ሣጥን ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ በማዘጋጀው መጠይቅ ሁሉ የሚገቡ ሦስት ጥያቄዎች አሉ፦ ከቤትዎ በር እስከሚደርሱበት በር ስንት ጊዜ መኪና ይቀይራሉ? ምን ይሸከማሉ? በጠቅላላው ስንት ብር ያወጣሉ? ባቡሩ መወዳደር ያለበት ከዚህ ከጠቅላላው ጋር ነው። ከአንድ ሚኒባስ ታሪፍ ጋር ብቻ ብናወዳድረው ራሳችንን እናታልላለን።

የሰዓት ሠሌዳው ከኮንክሪት ይቅደም

በዚህ ጉዳይ ላይ ከብዙ ባልደረቦቼ ጋር እንለያያለን። የተለመደው አካሄድ መስመር መሥራት፣ ባቡር መግዛት፣ ከዚያ ሰዓት ማውጣት ነው። ስዊዞች ግን በተቃራኒው ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1982 ባቡሮቻቸው በየሰዓቱ በተመሳሳይ ደቂቃ እንዲነሱ አደረጉ። በ1987 ደግሞ ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ትልቅ የማስፋፊያ ዕቅድ አጸደቀ። በዚያ ዕቅድ የትኛው ሀዲድ ይጨመር የሚለውን የወሰነው የሚፈለገው የሰዓት ሠሌዳ ነበር። ባቡሩ ወደ መገናኛ ጣቢያው በሰዓቱ እንዲደርስ የሚያስችለው ሥራ ተሠራ፤ ከዚያ በላይ ፍጥነት ለማምጣት ብር አልፈሰሰም።

በእኛው ነጠላ ሀዲድ ላይ እንሥራው። ከኮምቦልቻ ከሚሴ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባቡሩ መንገድ ላይ መቆሙን ጨምሮ በአማካይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። መሃል ላይ፣ 25ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ሁለት ባቡሮች የሚተላለፉበት ጣቢያ አለ እንበል። ሁለቱም ልክ 1 ሰዓት ላይ ከየጫፋቸው ይነሳሉ። 1፡25 ላይ መሃል ይደርሳሉ። ለመተላለፍ 3 ደቂቃ ስጧቸው። 1፡53 ላይ ሁለቱም ከየጫፋቸው ናቸው። 7 ደቂቃ ሰው አውርደውና ጭነው 2 ሰዓት ላይ እንደገና ይነሳሉ። በሁለት ባቡርና በአንድ መተላለፊያ በየሰዓቱ በሁለቱም አቅጣጫ አገልግሎት ተገኘ። ለጥገና አንድ ተጨማሪ ባቡር ያዙ፤ ሦስት።

አሁን እርሳሱን አስቀምጡና ደግማችሁ እዩት። በዚህ ሠሌዳ እያንዳንዱ የ25 ኪሎ ሜትር ክፍል ከ60 ደቂቃው 50ውን በመንገደኛ ባቡር ተይዟል። ጭነቱ የት ይግባ? አይገባም። እንግዲህ ሦስት ምርጫ አለ። መተላለፊያ መጨመር አንዱ ነው። ሌላው የመንገደኛውን ባቡር ከጠዋቱ 12 እስከ 3፣ ከቀኑ 10 እስከ ማታ 1 ሰዓት በየሰዓቱ አድርጎ እኩለ ቀን ላይ በየሁለት ሰዓቱ ማሳሳት፣ ሌሊቱንም ለጭነት መልቀቅ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከጭነቱ ጋር እየተጋፉ ሁለቱንም ማዘግየት ነው፤ ማንም ሳያስብበት ሲቀር የሚሆነው ይኸው ሦስተኛው ነው። እኔ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ወጪው ወረቀት ነው።

በየግማሽ ሰዓቱ ባቡር ከፈለጋችሁ መተላለፊያዎቹ በ12 ኪሎ ሜትር ርቀት መሆን አለባቸው። 12 ደቂቃ ጉዞ፣ 3 ደቂቃ መተላለፊያ፣ ሲመለስም እንደዚያው፤ 30 ደቂቃ። ካርታ ላይ ነጥብ ከማድረጋችሁ በፊት ይህን ሒሳብ ሥሩ።

ከኮምቦልቻ ሐራ ገበያ ደግሞ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ደርሶ መልስ ከማረፊያው ጋር አራት ሰዓት ተኩል ነው። በየሰዓቱ ከሆነ አምስት ባቡር፣ በየሁለት ሰዓቱ ከሆነ ሦስት ይበቃል። እዚህ ላይ በየሁለት ሰዓቱ መጀመር ያዋጣል።

የሚታተመው ሠሌዳ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ይሁን። ገበሬው ጠዋት 1 ሰዓት ሲል 7 ሰዓት የሚል ወረቀት አትስጡት።

ደሴን ምን እናድርጋት?

ሁሉም የሚጠይቀኝ ይህን ነው። ትልቋ ከተማ ደሴ ሆና ባቡሩ ኮምቦልቻ ላይ ይቀራል ወይ?

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። ልዩነቱ 650 ሜትር ያህል ነው። በአየር ቢለካ በመካከላቸው 15 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ጭነት የሚጎትት ባቡር በሺህ 20 ሜትር ከሚወጣ ዳገት በላይ ይቸገራል። በዚህ ዳገት 650 ሜትር ለመውጣት ከ32 ኪሎ ሜትር በላይ ሀዲድ ያስፈልጋል፤ ያውም በጥምዝምዝና በዋሻ። ቀለል ያለ በየፉርጎው ሞተር ያለው የመንገደኛ ባቡር በሺህ 35 ሊወጣ ይችላል፤ ያኔ ርቀቱ 19 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ አይቻልም አልልም። ግን የጦሳን ተራራ ግርጌና የደሴን የመሬት መንሸራተት የሚያውቅ ሰው ይህን የመጀመሪያ ምዕራፍ አያደርገውም። በቅድሚያ የአፈር ጥናቱ፣ ያውም ከአንድ ክረምት በላይ የታየ።

እስከዚያው ደሴን የሚያገናኘው አውቶቡስ ነው። እንደነገሩ የተላከ አውቶቡስ ማለቴ አይደለም። የባቡሩ አካል የሆነ፣ በአንድ ቲኬት የሚሠራ፣ ባቡሩ ከመነሳቱ 10 ደቂቃ ቀድሞ ጣቢያው በር ላይ የሚደርስ፣ ባቡሩ ቢዘገይ የሚጠብቅ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2010 የተከፈተው ጋውትሬን ከባቡሩ ጋር የራሱን መጋቢ አውቶቡሶች ይዞ ነው የመጣው። ደሴ ውስጥ ፒያሳ፣ ሆጤና ጢጣ የሚነሱ አውቶቡሶች ከባቡሩ ሠሌዳ ጋር ከተሳሰሩ መንገደኛው ሐረጎን ሲወርድ ጉዞውን በባቡር እንደጀመረ ይቆጥረዋል። ክፍያው በቴሌብር ይሁን፤ ጥሬ ገንዘብ ለያዘ ሰው ግን መስኮት ይኑር። ከሚኒባስ ባለንብረቶቹ ጋርም አስቀድማችሁ ተቀመጡ። ረዳቱና ሾፌሩ እንጀራቸውን የሚነጥቅ ነገር መጣ ብለው ካሰቡ ትክክል ናቸው፤ መጋቢ መስመሩን በውል ቢይዙት ግን ሥራቸው ይቀጥላል።

ጣቢያ የሚቀመጥበት ቦታ

እ.ኤ.አ. በ2018 መደበኛ ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር በዚህ በኩል ትልቅ ትምህርት ነው። ለቡ ያለው ጣቢያ ከመሃል ከተማ ሩቅ ነው፤ የድሬዳዋውም ከከተማው ውጭ ነው። የጥንቱ ባቡር ግን ለገሃር ድረስ ይገባ ነበር። ለረጅም መንገደኛ፣ በወር አንዴ ለሚጓዝ፣ ርቀቱ ሊቻል ይችላል። በየቀኑ ለሚመላለስ ሰው ግን 40 ደቂቃ ተጉዞ ከዚያ ሌላ 30 ደቂቃ ባጃጅ መጠበቅ አይሆንም።

ዋናው ጣቢያ ከከተማው ርቆ ከሆነ ሰው ያለበት ቦታ ላይ ትንሽ ማቆሚያ ጨምሩ። ሕንፃ አያስፈልገውም። ጥላ፣ መብራት፣ ውሃ፣ መጸዳጃ፣ እና ከባቡሩ ወለል ጋር እኩል የሆነ ፕላትፎርም። ይህች የመጨረሻዋ ቀላል ትመስላለች። ዘንቢል ለያዘች፣ ሕፃን ላዘለች፣ በምርኩዝ ለሚሄድ ሰው ግን መሳፈርና አለመሳፈርን የምትወስነው እሷ ናት። ኮምቦልቻ ላይ አንዱ ማቆሚያ ለኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞች በእግር የሚደረስበት እንዲሆን አጥብቃችሁ ተከራከሩ። የሴት ሠራተኞች የማታ ጉዞ የደኅንነት ጉዳይ ነውና መንገዱም መብራት ይኑረው።

ከብት የሚሻገርበትን አትዝለሉ። በጅቡቲ መስመር ባቡር የገጫቸው ግመሎችና ከብቶች የካሳ ጭቅጭቅ አምጥተዋል። እረኞቹን ጠይቃችሁ ከብቱ የሚያልፍበትን ከሀዲዱ ሥር ክፈቱ፤ ከዚያ አጥሩ።

መለዋወጫና መስፋፋት

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር እ.ኤ.አ. በ2015 በ41 ባቡሮች ሥራ ጀመረ። ከዓመታት በኋላ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። የኛው ዕቅድ የውጭ ምንዛሪ ለመለዋወጫ በየዓመቱ የሚመደብበትን መስመር በጀቱ ውስጥ ካልያዘ ባቡር ባይገዛ ይሻላል። ትርፍ እናገኛለን ብላችሁም ለምክር ቤት ቃል አትግቡ። የመመላለሻ ባቡር በአብዛኛው ድጎማ ይፈልጋል። ድጎማው ስንት እንደሆነና ማን እንደሚከፍል ከመጀመሪያው በግልጽ ጻፉ።

ሰው ሲበዛ ደግሞ ወዲያው ሁለተኛ ሀዲድ አትጠይቁ። በቅድሚያ ባቡሩን አስረዝሙ፤ ፕላትፎርሙን ስትሠሩ ለዚያ ቦታ ተዉለት። ቀጥሎ መተላለፊያና ሲግናል ጨምሩ። ድርብ ሀዲድ ከዚያ በኋላ፣ እሱም መጨናነቁ ባለበት ክፍል ላይ ብቻ። ዳካር ላይ እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ የተከፈተው የመንገደኛ ባቡር የመጀመሪያ ምዕራፉ እስከ ዲያምኒያዲዮ 36 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር። ለእኛም ከሚሴ–ኮምቦልቻ ይበቃናል፤ ሐይቅና ሐራ ገበያ ይከተላሉ።

አንድ ነገር ግን ምዕራፍ አይጠብቅም፤ መሬቱ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። በየጣቢያው ዙሪያ ለአውቶቡስ መቆሚያ፣ ለረዘመ ፕላትፎርምና ለሁለተኛ ሀዲድ የሚሆነው ቦታ በኮምቦልቻ፣ በከሚሴና በሐይቅ መሪ ፕላን ላይ ዛሬ ይሰመር። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣው የወደፊት መስመር መነሻም እንዲሁ። ገበሬው እርሻውን እንደያዘ ይቀጥል፤ በላዩ ላይ የቤት መሥሪያ ካርታ ግን እንዳይሰጥበት የመሬት ጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ ያሳውቀው።