አናፖሊስ ላይ ሁለት ደቂቃ

በሜሪላንድ ዋና ከተማ አናፖሊስ፣ ስለ በጀት ቅነሳ ለመናገር ለመጀመሪያ ጊዜ የስቴቱ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ስቀርብ አለቀስኩ። ስለ ልጄ ኦቲዝም፣ ስለ ሌሊት ስራዬ፣ ያልነካሁት ነገር የለም። ገና "ስለዚህ የምጠይቃችሁ…" ስል ሰዓቴ አለቀ። ሰብሳቢዋ በትህትና አመስግነው ቀጣዩን ሰው ጠሩ። ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ስንመለስ ልጄ ከኋላ ተኝቷል፣ እኔ ምን ጠይቄ እንደመጣሁ አስባለሁ። ለካ ምንም አልጠየቅኩም።

ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ሜሪላንድ ለምትኖሩ ነው፤ ቨርጂኒያ ደንቡ ሌላ ነው።

መጀመሪያ ቀኑን ያዙ። የስቴቱ ምክር ቤት በጃንዋሪ ሁለተኛ ረቡዕ ይከፈትና 90 ቀን ብቻ ይሰራል። የገቨርነሩ በጀት እዚያው ጃንዋሪ ላይ ይቀርባል። ብዙ ወገኖቻችን የሚሰሙት ኤፕሪል ላይ ነው፤ ያኔ አልቋል። አዲሱ በጀት ጁላይ 1 ስራ ላይ ሲውል መናደድ ደግሞ ለደም ግፊት ካልሆነ ለምንም አይጠቅም።

ሁለት ወረቀት አለ። አንዱ የበጀቱ ረቂቅ ነው። ሌላው ቢ አር ኤፍ ኤ የሚሉት ነው፤ በጀቱን ለማመጣጠን የሚወጣ፣ ታክሱም ክፍያውም ቅነሳውም የሚታጨቅበት ረጅም ህግ። የሚጎዳችሁ ነገር ብዙ ጊዜ እዚህኛው ውስጥ ነው የሚደበቀው። ሁሉን ማንበብ አይጠበቅባችሁም። ከረቂቁ ጋር የሚወጣ "ፊስካል ኖት" የሚባል ማብራሪያ አለ፤ ቋንቋው ቀለል ይላል። የእናንተን ጉዳይ የያዘውን ገጽ ፈልጉና ቁጥሩን ጻፉ።

ድሮ የእኛ ተወካዮች የገቨርነሩን በጀት መቀነስ እንጂ መጨመር አይችሉም ነበር። በ2020 ህዝቡ ድምጽ ሰጥቶ ይሄን ለወጠው። ከ2024 በጀት ዓመት ጀምሮ ከአንዱ ወስደው ለሌላው መጨመር ይችላሉ፤ ጠቅላላው ድምር ገቨርነሩ ካቀረበው እንዳይበልጥ ብቻ ነው። ስለዚህ "እጃችን ታስሯል" የሚል መልስ ከመጣ አትቀበሉ። "መልሱልን" ማለት ዛሬ ትርጉም አለው።

"ከየት እናምጣ?" የሚል ጥያቄ ግን አይቀርም። ህገ መንግስቱ በጀቱ እንዲመጣጠን ያስገድዳል። ታክስም አትጨምሩ፣ ምንም አትቀንሱ የሚል ሰው ፊት ፈገግ ብለው ወደ ሌላው ያልፋሉ። እኔ የቱን ታክስ እንደምቃወም ለይቼ ነው የምሄደው። በ2025 ስቴቱ 3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ጎድሎት ነበር። ከ500,000 ዶላር በላይ ገቢ ያላቸው ላይ የገቢ ግብር ሲጨመር ዝም አልኩ፤ ጎረቤቶቼ አይደሉም። መኪና ሲገዛ የሚከፈለው ታክስ ከ6 ወደ 6.5 በመቶ ሲወጣ ግን ያመኛል፤ ያለ መኪና ስራ የማይደርስ ሰው ነው የሚከፍለው።

መቃወም ይሰራል ወይ ትሉኛላችሁ። በዚያው ዓመት ንግዶች እርስ በርስ በሚገዙት አገልግሎት ላይ 2.5 በመቶ ታክስ ቀርቦ ነበር። የሂሳብ ባለሙያውም ነጋዴውም ኮሚቴውን አጥለቀለቁት፤ ረቂቁ ወደቀ። በምትኩ አይቲና ዳታ ላይ 3 በመቶ መጣ። ማለትም ማሸነፍ ብዙ ጊዜ ግማሽ ነው። የአካልና የአእምሮ እድገት ችግር ያለባቸውን ሰዎች የሚረዳው ዲዲኤ ላይ የታቀደው ቅነሳም ቤተሰቦች ከጮሁ በኋላ ለዝቦ ነው የወጣው።

አሁን ኮሚቴው ፊት ለመናገር ምዝገባው። በምክር ቤቱ ድረ ገጽ አካውንት ትከፍታላችሁ። የምዝገባው ጊዜ ከሂሪንጉ (ኮሚቴው ሰው ከሚሰማበት ስብሰባ) ቀደም ብሎ ይዘጋልና የኮሚቴውን ደንብ አስቀድማችሁ እዩ። ትደግፋለህ ወይስ ትቃወማለህ ብሎ ይጠይቃል። "ከማሻሻያ ጋር እደግፋለሁ" የሚል ሦስተኛ ምርጫም አለ። አንድ ትልቅ ህግ ውስጥ አንዲት ገጽ ብቻ ስትጎዳችሁ እሱን ምረጡ፤ በር አይዘጋባችሁም። ዜጋ መሆን አያስፈልግም። አስተርጓሚ ከፈለጋችሁ ቀደም ብላችሁ ለኮሚቴው ቢሮ ደውሉ። አነጋገራችሁ አያሳስባችሁ፤ የእኔን የሰማ የእናንተንም ይሰማል።

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሁለት ወይ ሦስት ደቂቃ ነው። ጥያቄያችሁን መጀመሪያ ተናገሩት፣ ለቅሶው በኋላ ይድረስ። የእኔ ሁለተኛው ንግግር እንዲህ ነበር፦

"ይህን ክፍል ከረቂቁ እንድታወጡ እጠይቃለሁ። ልጄ 22 ዓመቱ ነው። ረዳቱ በሳምንት 30 ሰዓት ይመጣል፤ ቅነሳው ካለፈ 24 ይሆናል። ስድስቱን ሰዓት እኔ ከስራ ቀርቼ እሸፍናለሁ። በሰዓት 19 ዶላር ነው የማገኘው። በዓመት 5,928 ዶላር አጣለሁ። የቤት ኪራይ ሦስት ወር ማለት ነው።"

አለቀ። አንድ ደቂቃም አልፈጀ። አንዲት ዴሌጌት (የታችኛው ምክር ቤት አባል) ቀና ብለው "5,900 ነው ያሉት?" አሉኝ። ቁጥሩን ጻፉት። እንባዬን ማንም አልጻፈውም ነበር።

መምጣት የማይችል ሰው በጽሁፍ ይላክ፤ አንድ ገጽ ይበቃል። ከእድራችን አስራ አንድ ሰው ሲጽፍ አንዱን ደብዳቤ አባዝተን አልላክንም። ተመሳሳይ ደብዳቤ አስራ አንድ ሆኖ ቢመጣም እንደ አንድ ነው የሚታየው። እያንዳንዱ የራሱን ኪራይ፣ የራሱን ልጅ ጻፈ። ለራሳችሁ ሴናተርና ዴሌጌቶች ስትጽፉ ዚፕ ኮዳችሁን ከላይ አድርጉ፤ ድምጽ የሚሰጣቸው ሰፈር መሆኑን ያያሉ።

"ዝም አይነቅዝም" እየተባልን ነው ያደግነው። እዚያ ህንጻ ውስጥ ግን ይነቅዛል፤ ዝም ያለ ሰው በጀት ነው መጀመሪያ የሚቆረጠው።

የቀኑ ጉዳይ፦ መታወቂያ ያዙ፣ በር ላይ ፍተሻ አለ። ከተማው ጠባብ ነው፣ መኪና ማቆሚያ ያንገበግባል፤ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ተራችሁ መቼ እንደሚደርስ አይታወቅምና ምሳ ቋጥሩ። ልጅ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ሁለት ምሳ።

በማግስቱ የምስጋና ኢሜይል ላኩ፤ ያንኑ ቁጥር ደግማችሁ። ምክር ቤቱ ከተበተነ በኋላ ደግሞ ሴፕቴምበር ላይ ተወካያችሁን ሰፈር ውስጥ ቡና ጋብዙ። ያን ጊዜ ጊዜ አላቸው፣ ወረፋ የለም። እኔ አምና ቀጠሮ የተሰጠኝ ለሃያ ደቂቃ ነበር፤ አንድ ሰዓት ተቀመጥን።