የቢሮ ዋይፋይ ሲንቀራፈፍ ባንዱን ቀይሩት

ቢሯችን ቱሉ ዲምቱ ነው። ስልኬ ላይ ዋይፋይ ስፈልግ የጎረቤት ቢሮው፣ የካፌው፣ የፋርማሲው ስም ተደርድሮ ይመጣል። አብዛኛው 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው ባንድ (ዋይፋዩ የሚሠራበት የሬዲዮ ሞገድ ክልል) ላይ ታጭቋል። እዚያ ደግሞ ሳይነካኩ ጎን ለጎን የሚሠሩት ቻናሎች (ባንዱ የተከፈለባቸው መስመሮች) 3 ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። ስለዚህ ኢንተርኔቱን ከመራገማችሁ በፊት ወደ 5 ጊጋኸርዝ ቀይሩ።

መጀመሪያ አክሰስ ፖይንቱ (ዋይፋይ የሚያሰራጨው ዕቃ) 5 እንዳለው እዩ፤ የቆዩት ላይኖራቸው ይችላል። ከዚያ ላፕቶፑን በኬብል አገናኙ፤ በዋይፋይ ገብታችሁ ከቀየራችሁ መሃል ላይ ይቋረጥባችኋል። ሒሳብ ክፍል ደመወዝ እየላከ ሳለ ደግሞ እንዳትነኩት፤ እኔ ነክቼ የሰማሁትን እኔ ነኝ የማውቀው። የአክሰስ ፖይንቱ አይፒ አድራሻ (ሴቲንጉን የሚከፍተው ቁጥር) ብዙ ጊዜ ከጀርባው ተለጥፏል። ብራውዘር ላይ ጻፉት፣ ግቡ፣ ዋየርለስ የሚለው ውስጥ 5 ጊጋኸርዙን አብሩ። ቻናል ከ36፣ 40፣ 44፣ 48 አንዱን ምረጡ፤ ከ52 እስከ 144 ያሉትን ራዳርም ስለሚጠቀምባቸው አክሰስ ፖይንቱ ራዳር ያገኘ ሲመስለው ቻናሉን ጥሎ ይሄዳል፣ እናንተም ስብሰባ መሃል ትቀራላችሁ። ሴቭ አድርጉ።

2.4ቱን ግን አታጥፉት። 5 ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ግን አይወድም። እኛ ቢሮ ሲግናሉ ሁለት የብሎኬት ግድግዳ አልፎ መጋዘኑ ጋ ሲደርስ አንድ መስመር ብቻ ይቀረዋል። አሮጌው ፕሪንተራችን ደግሞ ጭራሽ 5ን አያየውም። ለሁለቱ የተለያየ ስም ስጧቸው፣ ላፕቶፖቹን 5 ላይ፣ ፕሪንተሩን 2.4 ላይ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሴቲንጉ እንዳለ መሆኑን አንዴ እዩት።