ፈረስ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከደሴም ሆነ ከኮምቦልቻ ፈረስ ሊገዛ ገበያ የሚወጣ ሰው በአብዛኛው ቀድሞ የሚያየው ቀለሙንና ውፍረቱን ነው፤ ስለ ዳማነቱና ስለ ቦራነቱ ሲወራ ይቆይና ዋጋ ይቆረጣል፣ ጎንበስ ብሎ እግሩን ያየ ግን የለም።

ውፍረትን ከአቋም ጋር ማምታታት ዋነኛው ስህተት ነው። እኔም ሣር በተረፈበት በኅዳር ለጋሪ ብዬ አንድ ድቡልቡል ፈረስ ገዝቼ፣ የካቲት ላይ ሲከሳ ስቡ ሸፍኖት የነበረው ቀጥ ያለ ትከሻ ገሃድ ወጣ። ትከሻው ወደ ኋላ ጋደል ያለ ፈረስ እግሩን ዘርግቶ ይራመዳል፤ የእኔው ግን እርምጃው አጭር፣ ጉዞውም ንዝረት ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ፈረሱን ተዳፋት ላይ አቁሞ መመልከት ነው። በጦሳ ተራራ ግርጌ ባለችው ደሴ ደልዳላ ቦታ ማግኘት ቀላል ባይሆንም፣ የፊት እግሮቹን ከፍ ባለው በኩል ያሳረፈ ፈረስ ደረቱ የተነሣ ይመስላል፤ ነጋዴውም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ደልዳላው ላይ ከቆመ በኋላ ከጎን ብቻ ሳይሆን ከፊትም መታየት አለበት፤ ከትከሻው ጫፍ የተለቀቀ ክር ጉልበቱንና ሰኮናውን እኩል ለሁለት ሊከፍል ይገባል።

አብዝቶ የሚታለፈው ከቁርጭምጭሚት እስከ ሰኮና ያለው ክፍል ነው። የፊት እግሮች ከፈረሱ ክብደት 60 በመቶ ያህሉን ይሸከማሉ፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ሲወረድ ደግሞ ጫናው ወደ ፊት ይበረታል። ይህ ክፍል ቀጥ ብሎ ከቆመ ምቱን አያበርድም፣ ከመጠን በላይ ከተኛ ጅማቱን ይለጥጣል፤ ከሰኮናው ፊት ጋር በአንድ መሥመር ሲያጋድል ነው ደግ የሚሆነው። ሰኮናውም ተነሥቶ ይታይ፤ አንዱ ጎን ከሌላው ይልቅ ካለቀ እግሩ እኩል አያርፍም።

5 ዓመት ያልሞላው፣ ጥርሱን ያልጨረሰ ፈረስ ዳሌው ከፊቱ ከፍ ቢል ገና እያደገ ሊሆን ስለሚችል በዚህ ብቻ አይጣልም።

ቆሞ ብቻ አይቶ መግዛትም ያስጸጽታል። ገመዱ ላላ ተደርጎ አስፋልት ላይ በሶምሶማ ሲሳብ ራሱን ብድግ ካደረገ፣ የታመመው በዚያች ቅጽበት መሬት የነካው የፊት እግር ነው።

ኮርቻውም ሳይወርድ ዋጋ አይነገር። ጀርባው ላይ ለሚታየው ነጭ ፀጉር ሻጩ «ተፈጥሮው ነው» ቢልም፣ አብዛኛውን ጊዜ የድሮ የኮርቻ ቁስል ነው፤ በመዳፍ ጫን ሲሉት ፈረሱ ጀርባውን ሰርጎድ አድርጎ ከሸሸ ሕመሙ ዛሬም አለ።