ትልቅ የብረት ሰዓት ሳሎን ላይ ስትሰቅሉ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ኢንደስትሪያል የሚባለው ስታይል ከፋብሪካ ነው የመጣው። እንደ ፈረንጆቹ በ1960ዎቹ ኒውዮርክ ሶሆ ሰፈር ውስጥ አርቲስቶች ባዶ የቀሩ ፋብሪካዎችና መጋዘኖች ውስጥ መኖር ጀመሩ። ጡቡን አልለሰኑትም፣ ቧንቧውንም አልደበቁትም። ዛሬ እኛም ጋ ሳሎኑ መሃል ጥርሳጥርስ ጎማ ያለው፣ የሮማ ቁጥር የተደረደረበት ጥቁር የብረት ሰዓት ይሰቀላል። ሰዓቱን እወደዋለሁ። የሚያናድደኝ አሰቃቀሉ ነው።

ሚስማሩ

ሰው ለሰዓቱ ደህና ብር ያወጣል። መስቀሉን ግን ጥበቃውን ጠርቶ በአንድ ሚስማርና በመዶሻ ይገላገለዋል። «ይችለዋል ወንድሜ፣ ስንት ዓመት ፎቶ ሰቅለንበታል» ይሉኛል። ፎቶ ሌላ፣ ብረት ሌላ! 80 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው የብረት ሰዓት 6 ኪሎ ቢመዝን አይገርምም። የኮንዶሚኒየምና የብዙ አዳዲስ ቤቶች ግድግዳ ደግሞ ብሎኬት ነው፣ ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው። ሚስማሩ ልስኑንና ቀጭኑን የብሎኬት ሽፋን ያልፍና ጫፉ አየር ላይ ይቀራል። የመጀመሪያው ቀን ምንም አይሆንም። በር በተወረወረ ቁጥር፣ ጎረቤት ግድግዳ በደበደበ ቁጥር ግን ትንሽ ትንሽ እየላላ ይመጣል። አንድ ደንበኛዬ ቤት ሌሊት ላይ ወርዶ ከሥሩ ያለውን ቴሌቪዥን አደቀቀው። ቤተሰቡ ሌባ የገባ መስሏቸው በር ቆልፈው ነጋላቸው። አሁን ሲያወሩት ይስቃሉ።

እባካችሁ ድሪል ያለው ሰው ጥሩ። ብሎኬት ሲበሳ የድሪሉ መምቻ ይጥፋ፣ ካልጠፋ የብሎኬቱን ሽፋን ከውስጥ ይሰብረዋል። ፊሸሩም (ብሎኑ የሚገባበት ፕላስቲክ) ለባዶ ግድግዳ የተሠራው ይሁን፣ ወይም ውስጥ ገብቶ እንደ ክንፍ የሚከፈተው ብሎን። ተራው ፊሸር ብሎኑን ስታጠብቁት አብሮ ይዞራል፣ ያኔ ቀዳዳው ሰፍቶ አረፈው። ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) ላይ ከተገኘማ ተራው ፊሸርም ይበቃል። ጂብሰም ላይ ከሆነ ከጀርባው ያለውን የብረት አጥንት ፈልጋችሁ እሱ ላይ እሰሩት። ሰዓቱ ሁለት መስቀያ ካለው ሁለቱንም ተጠቀሙ፣ በውሃ ልክ ለኩት። ከማብሪያ ማጥፊያና ከሶኬት ቀጥታ ወደ ላይም ወደ ታችም አትብሱ። ሽቦው እዚያ ነው የሚያልፈው።

ቦታና መጠን

ጣራ ሥር አትለጥፉት። የሰዓቱ መሃል ከወለል 1 ሜትር ከ50 እስከ 1 ሜትር ከ60 ቢሆን ለዓይን ይመቻል። ከሶፋ በላይ ከሆነ ከሶፋው መደገፊያ 20 ሳንቲሜትር ገደማ ከፍ ይበል። ከመግዛታችሁ በፊት ካርቶን በሰዓቱ ልክ ክብ ቁረጡና በፕላስተር ለጥፋችሁ ጥቂት ቀን ተመልከቱት። ትልቅ መስሏችሁ የፈራችሁት ብዙ ጊዜ ልክ ሆኖ ይገኛል። ትንሹን ገዝቶ ዙሪያውን በፎቶ መሙላት ግን አያዋጣም።

ጥቁር በጥቁር

ጥቁር ግድግዳ ላይ ጥቁር ሰዓት። ወይም የጡብ ምስል ባለው ወረቀት ላይ መሃሉ ክፍት የሆነ ሰዓት። ስንት ሰዓት እንደሆነ ለማየት ሞባይል ታወጣላችሁ።

በበያጅ ስታሠሩ

በያጅ ጋ ማሠራት ጥሩ ነው፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ የሚገኘው አሮጌ ብረትም ከአዲሱ ያምራል። ግን መጀመሪያ የሰዓቱን ሞተር ግዙ። የሞተሩ ዘንግ አጭር ከሆነ ወፍራሙን ላሜራ አልፎ አይወጣም፣ ቆጣሪዎቹን የምታስሩበት ታጣላችሁ። ቆጣሪዎቹም ከቀጭን አሉሚኒየም ይሁኑ። በያጁ «ይጠንክር» ብሎ ከብረት ከቆረጠው፣ ሰዓቱ እየዘገየ ሄዶ ይቆማል። የደቂቃው ቆጣሪ ዘጠኝ ቁጥር አካባቢ ሲደርስ የሚቆም ከሆነና ባትሪው ካልደከመ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የቆጣሪው ክብደት ነው። እዚያ ጋ ክብደቱን ወደ ላይ የሚያነሳው በሙሉ ጉልበት ነው። ቆጣሪውን አቅልሉ፣ ወይም ለረጅም ቆጣሪ የተሠራ ጉልበተኛ ሞተር ግዙ። ዝገቱን ፍቃችሁ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ) ሳይቀባ ቀለም አይነካው።

ድንጋዩ

ርካሽ ባትሪ ድንጋይ ሲያልቅ ይፈስና ሞተሩን ይበላዋል። ቻርጅ የሚደረገው ደግሞ 1.2 ቮልት ነው፣ ሰዓቱ የሚፈልገው 1.5። ለትልቅ ሰዓት ጥሩ አልካላይን ግዙ።

አራት ቁጥር

አንዲት ደንበኛ ሰዓቱ «ተሳስቶ ተሠርቷል» ብላ ልትመልሰው ነበር፣ አራት ቁጥሩ በአራት ጭረት ስለተጻፈ። ስህተት አይደለም። ብዙ የሮማ ቁጥር ሰዓቶች ከጥንት ጀምሮ እንደዚያ ናቸው።

የሚዞሩ ጥርሳጥርሶች

ያምራሉ፣ ይጮሃሉም። መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ፣ ከግድግዳው ማዶም ቢሆን፣ አይሰቀሉም።

በሐበሻ ወይስ በፈረንጅ?

ይሄንን ሳትነጋገሩ አትሙሉት። በሁለቱ መካከል 6 ሰዓት ስላለ፣ አጭሩ ቆጣሪ ሁልጊዜ ከሌላኛው በተቃራኒው በኩል ነው የሚያርፈው። በአንዱ ያደገ ሰው ሌላውን ገልብጦ ያነባል፣ ችግር የለም። ጣጣው ሳሎኑ በሐበሻ፣ ኩሽናው በፈረንጅ ሲሞላ ነው። አንድ ቤት እንዲህ ሆኖ ሠራተኛዋ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ልታመጣ በሳሎኑ ሰዓት ተመርታ ወጣች፣ የነገሯት ግን በኩሽናው ነበር።