ኢንትሮፒን በ4 ሳንቲም እንዴት መረዳት ይቻላል

"ኢንትሮፒ ማለት መዝረክረክ ነው" ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ይህ አባባል ብዙ ተማሪ አሳስቷል። ኢንትሮፒ ቆጠራ ነው። ምኑ እንደሚቆጠር ለማየት ደግሞ 4 የአንድ ብር ሳንቲም ይበቃል።

መጀመሪያ ሳንቲሞቹን ጠረጴዛ ላይ አውጡ። አንበሳው ጎፈር፣ ሚዛኑ ዘውድ ይሁን። አራቱ ሊወድቁ የሚችሉባቸውን መንገዶች በሙሉ ወረቀት ላይ ጻፉ። በስልክ አትፈልጉት፣ በእጃችሁ ስትጽፉት ነው የሚገባችሁ። 16 ታገኛላችሁ። ሁሉም ጎፈር የሚሆኑት በ1 መንገድ ብቻ ነው፤ ሁለት ለሁለት የሚሆኑት ግን በ6። ስትወረውሩ ሁለት ለሁለት ቶሎ ቶሎ የሚመጣው መንገዱ ስለበዛ ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ኢንትሮፒ የሚቆጥረውም እነዚህን መንገዶች ነው።

ቀጥሎ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር አንድ ጁስ ቤት ጎራ በሉና ስፕሪስ እዘዙ። አቮካዶው ከታች፣ ማንጎው ከላይ፣ ድንበሩ ቁልጭ ብሎ ይመጣል። በማንኪያ አማስሉት። አሁን ማንኪያውን ወደ ኋላ አዙሩት። አይለይም! ቅንጣቶቹ ተለይተው የሚቀመጡበት መንገድ ጥቂት ነው፣ ተደባልቀው የሚቀመጡበት ግን ስፍር ቁጥር የለውም፣ ስለዚህ ማንኪያው ወዴትም ቢዞር የሚወስደን ወደ ብዙው ነው።

ኢንትሮፒ የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1865 ያወጣው ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሩዶልፍ ክላውዚየስ ሙቀትን ሲያጠና ነበር። ሙቀት በራሱ ከትኩስ ሻይ ወደ አየር ይሄዳል እንጂ አይመለስም። ይህን ከቆጠራ ጋር ያገናኘው ኦስትሪያዊው የፊዚክስ ሊቅ ሉድቪግ ቦልትዝማን ነው፤ ቀመሩ ቪየና መቃብሩ ላይ ተቀርጿል። ኢንትሮፒ የመንገዶቹን ብዛት ሎጋሪዝም ተከትሎ ያድጋል ይላል። ሎጋሪዝም እዚህ ላይ የመንገዶቹን ቁጥር ለማግኘት 2 ስንት ጊዜ በራሱ እንደሚባዛ ይነግረናል፤ ለ16 መልሱ 4 ነው። ሎጋሪዝም ለምን? 8 ሳንቲም ውሰዱ። መንገዱ ከ16 ወደ 256 ይዘላል፣ ኢንትሮፒው ግን እጥፍ ብቻ ይሆናል። ሳንቲም ሲደመር መንገድ ይባዛል፤ ሎጋሪዝሙ ማባዛቱን ወደ መደመር ይመልሰዋል። እኔ በጣም የምወደው ቦታ ይሄ ነው።

አሁን አራቱን ሳንቲሞች ወርውሩና በሳህን ክደኗቸው። ጓደኛችሁ "የመጀመሪያዋ ጎፈር ናት?" እያለ አዎ ወይም አይደለም በሚባል ጥያቄ ብቻ ይወቅ። 4 ጥያቄ ያስፈልገዋል፣ ማለትም ኢንትሮፒው 4 ቢት ነው፤ አንድ ቢት የአንድ እንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ ነው። "ሁለት ለሁለት ናቸው" ብላችሁ ሹክ ካላችሁት 6 መንገድ ብቻ ይቀራል፣ ኢንትሮፒውም ወደ 2.58 ቢት ይወርዳል። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 መረጃን የለካው እንዲህ ነው። ፋይል አሳንሶ መላክም በዚሁ ላይ ቆሟል።

በመጨረሻ ጠዋት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ውረዱ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዙሪያውን ቆመው ሲጠብቁ እናንተ የአንዱን ጀልባ ዓሣ ቁጠሩ። የሥነ ምህዳር ተመራማሪዎች የብዝኃ ሕይወትን ስብጥር የሚለኩት በዚያው በሻነን ቀመር ነው። ከ10 ዓሣ 5ቱ ቆሮሶ፣ 5ቱ አምባዛ ከሆኑ 1 ቢት ነው። 9 ቆሮሶና 1 አምባዛ ከሆኑ ደግሞ ወደ 0.47 ይወርዳል፤ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አንዱን ብታነሱ ቆሮሶ መሆኑን ከወዲሁ ትገምታላችሁና።